ግድግዳው ሲፈርስ

የጎረቤቴ ልጅ ፍራንክፈርት ውስጥ ግንበኝነት እየተማረ ነው። ገና 17 ዓመቱ ነው። በቀደም የሚሠለጥንበት ማዕከል ቤተሰብ ሲጋብዝ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጁ ክር ወጥሮ፣ በውሃ ልክ እየለካ፣ ግድግዳውን እስከ ወገቡ አቆመ። አሠልጣኙ መጣ፣ አንዱን ጥግ በጣቱ ነካ አደረገና "አፍርሰው" አለው። ጡቦቹ ሳይሰበሩ አንድ በአንድ ተነሱ። ለካ ማያያዣው ሲሚንቶ የለበትም፤ በኖራና በአሸዋ ብቻ የተቦካ ነው። እንዲፈርስ ተብሎ የተሠራ ነው።

ወጪው የማን ነው? ሠልጣኝ እዚህ ጀርመን ደመወዝተኛ ነው። በ2025 ለጀመረ ሰው በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት በወር 682 ዩሮ ነው። የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። በግንባታ ሥራ ደግሞ ሶካ ባው የሚባል የጋራ ቋት አለ። ድርጅቶቹ ያሠለጥኑም አያሠልጥኑም መዋጮ ይከፍላሉ፤ ላሠለጠነው ከወጪው በርከት ያለው ይመለስለታል። እንደ እድር በሉት። ልጁ ነገ ሌላ ቦታ ቢቀጠርም ያስተማረው ሰው ብቻውን አይከስርም። ይህም ሆኖ ባለሙያ አልበቃቸውም፤ ሽማግሌዎቹ ጡረታ እየወጡ ነው፣ ተተኪው ወጣት ቁጥሩ አነስተኛ ነው።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ ተምሯል። ቴክኒክና ሙያ ጨርሶ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፎ፣ ወረቀቱን ይዟል። ለተግባር ልምምድ ሳይት ሲላክ ግን ውሃ ሲያመላልስ፣ ብሎኬት ሲሸከም ከረመ። ማንም የግንበኛ ማንኪያ አላስያዘውም። የመጀመሪያ ግድግዳውን የሠራው ከተቀጠረ በኋላ፣ የሰው ቤት ላይ ነው። ተጣመመበት። ከደመወዙ ተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ተሳስቶ የሚማርበት ግድግዳ የሰጠው ስለሌለ ነው።

አሠሪዎቹንም ጨካኝ ማለት ይከብደኛል። ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስሄድ አንድ የማውቃቸውን ኮንትራክተር ለምን እንደማያስተምሩ ጠየቅኳቸው።

"ልጄ፣ ሲሚንቶ በዚህ ዋጋ! እያባከንኩ አስተምረውና እጁ ሲፈታ ትንሽ ለጨመረለት ይሄድብኛል" አሉኝ።

ስሌታቸው ልክ ነው። ብቻውን የሚያስተምር ሰው ለጎረቤቱ ነው የሚያስተምረው። ስለ ጀርመኖቹ ቋት ነገርኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

"ጎረቤቴም የሚያዋጣ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ" አሉ። "ግን ማነው የሚሰበስበው?"