ለኒውተን እጅ ያልሰጡ

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 አንድ ሕግ አሳተመ። የቆመ ነገር የሚገፋው ካላገኘ እንደቆመ ይኖራል፤ የሚሄድ ነገርም የሚያስቆመው ካላገኘ በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል አለ። ፕላኔቶች ተስማሙ። የመድፍ ጥይትም ተስማማ። እስከ ዛሬ አሻፈረኝ ያሉት የመኪና ቀበቶ የማያስሩ ወገኖቻችን ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ጀግንነት ሳይመሰገን መቅረቱ ነውር ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ውስጥ ያለ ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል። መቀመጡንስ ተቀምጧል፤ ግን በ50 እየበረረ ነው። መኪናው ከግድግዳ ጋር ሲገናኝ ግድግዳው የሚያስቆመው መኪናውን ነው። ሰውየውን ቁም ያለው የለም። ስለዚህ ጉዞውን በዚያው በ50 ይቀጥላል፣ መሪው ወይም መስታወቱ እስኪያስቆመው ድረስ። ሰውነቱ ከቆመ በኋላም ልቡና አንጎሉ ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ እነሱን የሚያስቆማቸው የገዛ አጥንቱ ነው። ኢነርሺያ ማለት ይሄ ነው። የእኛ ጀግና ግን "ቅርብ ነው የምሄደው" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሽረዋል።

ከበድ ያሉት ደግሞ "እኔን ምን ይነቀንቀኛል?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መጠነ ቁስ በበዛ ቁጥር ማነቃነቅ ይከብዳል። ማስቆምም እንደዚያው ይከብዳል፤ ይህቺን ሁለተኛዋን ግማሽ ግን ከትሕትናቸው የተነሳ አያነሷትም።

ክንዳቸውን የሚተማመኑቱን ሳላደንቅ አላልፍም። "ዳሽቦርዱን ደገፍ እላለሁ" ይላሉ። እስቲ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ50 ሲሄድ የያዘው ጉልበት 10 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ፍጥነቱ ወደ 100 ሲያድግ ከፍታው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ፣ ወደ 40 ሜትር ይሆናል። የመኪናው አፍንጫ እየተጨማደደ ቀበቶውም ትንሽ እየለቀቀ ግማሽ ሜትር መቆሚያ ቢሰጡት፣ በ50 የሚሄደውን ያንን ሰው ለማስቆም የ1.4 ቶን ክብደት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ቀበቶው ይህን ኃይል ለዳሌና ለደረት አጥንት አከፋፍሎ ይሸከመዋል። ያልታሰረው ግን የመኪናው አፍንጫ ሲጨማደድ ገና በአየር ላይ ነው፤ የሚቆመው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ምናልባት በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። መቆሚያው በአሥር ሲያንስ ኃይሉ በአሥር ያድጋል፤ 14 ቶን። ያንን በሁለት መዳፍ ደግፎ የሚያስቀር ክንድ ካለ ሰውየው ሹፌር ሆኖ መባከን የለበትም፤ ወደብ ላይ ክሬን ይሁን።

ከሁሉም የምቀናው ግን ጋቢና ላይ ሕፃን አቅፈው የሚቀመጡትን ነው። "እኔ ይዤዋለሁ" ይላሉ፣ በፍቅር። ልጁ 10 ኪሎ ነው እንበል። ከ50 ተነስቶ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ እንዲቆም የያዘው እጅ 140 ኪሎ እንደተሸከመ ያህል መጎተት አለበት። ያውም ያቀፈው ሰው ራሱ ወደፊት እየተወረወረ።

ከኋላ የሚቀመጡት ነገሩ አይመለከታቸውም። ኒውተን ስለ ኋላ ወንበር ለይቶ የጻፈው ነገር የለማ! እነሱ የሚያርፉት የፊተኛው ተሳፋሪ ጀርባ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ ምስኪን።

ኒልስ ቦሊን የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ቮልቮ ውስጥ በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን ቀበቶ ሠራ። ኩባንያውም የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ፊት ለፊት የሚቀመጥን ሰው የመሞት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላል። ሰው ግን ፈጠራን በፈጠራ ይመልሳል። ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ አዙሮ ይቆልፈውና እሱ ከፊቱ ይቀመጣል። ይህም ያደከመው ሰው፣ ቀበቶ የሌለው የመቆለፊያ ምላስ ብቻ ገዝቶ ይሰካል፤ መኪናው ጢጥ ጢጥ ማለቱን ያቆማል። ገንዘብ ከፍሎ መኪናን ማታለል! ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ቀበቶውን ደረት ላይ ሳብ አድርጎ በእጅ የመያዝ ጥበብ አለ። ፖሊሱ ሲታለፍ ይለቀቃል። ኢነርሺያ ደንብ ልብስ ቢለብስ ኖሮ እሱንም እንዲሁ እናታልለው ነበር።

ሁሉም እንዲህ ደፋር አይደለም። ጆን ስታፕ የተባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 በሮኬት የሚገፋ ጋሪ ላይ ተቀምጦ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከበረረ በኋላ በአንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ ውስጥ ቆመ። ኃይሉ ሲበረታ የክብደቱን 46 እጥፍ ደርሶ ነበር። ተረፈ፤ 89 ዓመትም ኖረ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ፈሪ ስለነበረ ግጥም ተደርጎ ታስሮ ነው የሄደው።

ለነገሩ ጀግኖቻችን ፊዚክስ አያውቁም ማለት ስም ማጥፋት ነው። አንዱን ቴሌቪዥን ገዝቶ ሲያጓጉዝ እዩት። ከኋላ ወንበር ላይ አቁሞ በገመድ አንዴ ያስረዋል፣ አይበቃውም፣ ይደግመዋል፣ ትራስም ይጨምርበታል። ለምን ቢሉት "ፍሬን ስይዝ ወደፊት ይመጣላ!" ይላል። ከዚያ ገብቶ ሞተር ያስነሳል፣ ቀበቶው እንደተንጠለጠለ።