ካሜራ የሚባል ቅቤ

በፈረንጆች 1994፣ ጁን 1 ማታ ነው። የፈረንሳይ ሁለተኛው ቴሌቪዥን የሁለት ሰዓት ዜናውን እያስተላለፈ ነው። ዜና አቅራቢው ፖል አማር ሁለት ፖለቲከኞችን ሊያከራክር ተቀምጧል። አንዱ የቀኝ አክራሪው ዣን-ማሪ ለፔን ነው፤ ሌላው ነጋዴው በርናር ታፒ። አማር የቦክስ ጓንት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። ቀልድ መሆኑ ነው። ተከራካሪዎቹ ምንም አልሆኑም። ወንበሩን ያጣው አቅራቢው ነው።

እኔ ለአማር አዝናለሁ። ጥፋቱ ምን ነበር? ተመልካቹ በልቡ የሚፈልገውን ነገር ሳይደብቅ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የማመሰግነው ታፒን ብቻ አይደለም፤ ነፍሱን ይማርና እሱማ የድርሻውን ተጨብጭቦለታል። ተመልካቹም ይመስገን። ያ ስክሪን ላይ ደጋግሞ ያየውን ሰው «ይሄማ የኛ ልጅ ነው» የሚለው፣ እስካልደበረው ድረስ ሁሉን ይቅር የሚለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብለው ነበር አባቶች። ምን ያድርጉ፣ ቴሌቪዥን አልነበራቸውም።

ታፒ በ1943 ፓሪስ ተወለደ። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። በጉብዝናው ወራት ቴሌቪዥን ይሸጥ ነበር። መጀመሪያ ሳጥኑን ሸጠ፤ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ራሱን ሸጠ። በመሃል ዘፋኝም ሆኗል። ስሙ የእንግሊዝኛ እንዲመስል መጨረሻውን ቀየረና ሸክላ አስቀረጸ። ፈረንሳዮች ጆሮ አልሰጡትም። በሕይወቱ ሙሉ በጆሯቸው የፈረዱበት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ የከሰሩ ድርጅቶችን በርካሽ፣ አንዳንዱንም በአንድ ፍራንክ መግዛት ጀመረ። የባትሪ ፋብሪካ፣ የሚዛን ፋብሪካ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት። ከዙፋኑ የተባረረው የመካከለኛው አፍሪካው ቦካሳ እንኳ ፈረንሳይ አገር ያሉትን ቤቶቹን በርካሽ ሸጦለት ነበር። ፍርድ ቤት ሽያጩን ሰረዘው እንጂ። በገዛ እጁ ዘውድ የደፋን ንጉሠ ነገሥት አሳምኖ ማስፈረም ግን የዋዛ አፍ አይደለም።

በ1986 የራሱን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያዘ። ሕልም ያላቸውን ወጣቶች መድረክ ላይ እያወጣ ነጋዴ እንዲሆኑ ይረዳል፤ መሃል ላይ ራሱ ይዘፍናል። በዚያው ዓመት የማርሴይ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዝዳንት ሆነ። በ1990 ደግሞ አዲዳስን ገዛ፤ 1.6 ቢሊዮን ፍራንክ፣ ያውም በብድር። (እኛ ሰፈር አዲዳስ ሦስትም አራትም መስመር አለው። ታፒ ባለሦስቱን ነው የገዛው።)

እንዲህ ያለ ሰው ሚኒስትር ሳይሆን ቢቀር ነበር የሚገርመኝ። ፕሬዝዳንት ሚተራን ዘመን ነው፤ በ1992 ኤፕሪል የከተማ ጉዳይ ሚኒስትር ተባለ። ሁለት ወር ሳይሞላው በንግድ ክርክር ተከሰሰና ለቀቀ። ክሱ ሲዘጋ በዲሴምበር ተመለሰ። የሻይ ዕረፍት በሉት።

አሁን ወደ ኳሱ ልምጣ፤ አዲስ አበባ ላይ ያሉ የዕድሜ እኩዮቼ ታፒን የሚያውቁት በዚህ ነውና። ሜይ 26 ቀን 1993፣ ሙኒክ፤ የአውሮፓ ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ ማርሴይ ከሚላን። ጋናዊው አቤዲ ፔሌ ከማዕዘን ያሻማል፣ ባዚል ቦሊ በጭንቅላቱ ይገጫል፣ ሚላን 1 ለ 0 ይሸነፋል። የመጀመሪያው ፈረንሳዊ የአውሮፓ ሻምፒዮን! እኛም አቤዲ የኛ ነው ብለን ዘልለናል።

ከስድስት ቀን በፊት ግን ማርሴይ ከቫላንሲየን ጋር ሊግ ተጫውቶ ነበር። ተጫዋቾቹ ለፍጻሜው ጉልበታቸውን እንዲቆጥቡ ተቃራኒዎቹ ቀስ ይበሉ ተብሎ ገንዘብ ተሰጠ። መርማሪዎች ፔሪጎ ከተማ ሄደው የአንድ ቤት ጓሮ ቆፈሩ። ፖስታ ውስጥ 250 ሺህ ፍራንክ ወጣ። ድንች በሚተከልበት ቦታ!

ጉቦውን ያጋለጠው የቫላንሲየኑ ተከላካይ ዣክ ግላስማን ነው። ታዲያ ተመልካቹ ምን አደረገ? ፎጨበት። ሰውየው በየስታዲየሙ ኳስ በነካ ቁጥር ይፎጭበት ነበር። እውነት ተናግሮ ደስታችንን አደፈረሰብና! ጎረቤት ሠርግ ላይ ገብቶ «ሙሽራው ሌላ ሚስት አለው» እንደሚል ሰው። ማን ጠየቀህ?

በዚያው በ1994፣ ጓንቱ በወጣበት ሰሞን ማለት ነው፣ ታፒ በኳሱ ጉዳይ ተከሷል። አበዳሪው ባንክ የፓሪስ ቤቱን ዕቃ ሳይቀር አስይዞበታል። ይህን ሁሉ አገር ያውቃል። ለአውሮፓ ፓርላማ ተወዳደረ። የመራው ዝርዝር ከ12 በመቶ በላይ አገኘ። ሶፋው የተያዘበትን ሰው ወንበር መስጠት ደግነት ነው መቼም።

በቀጣዩ ዓመት ችሎት ቀረበ። አንድ ወዳጁ ፖለቲከኛ «በዚያ ሰዓት ቢሮው አብሬው ነበርኩ» ብሎ መስክሮለት ነበር፤ በኋላ ውሸት መሆኑ ወጣ። ታፒ የሰጠው መልስ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባዋል። ዋሽቻለሁ፣ ግን በቅን ልቦና ነው አለ። እስቲ ይህን ለሚስታችሁ ሞክሩት።

በ1997 ላ ሳንቴ የሚባል እስር ቤት ገባ። ላ ሳንቴ ማለት ጤና ማለት ነው። በጠቅላላው ከአምስት ወር በላይ በእስር ጤናውን ጠበቀና ወጣ። ከወጣ በኋላ ቲያትር ሠራ፣ ከራፐር ጋር ዘፈነ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በተከታታይ ድራማ ላይ የፖሊስ ኮሚሽነር ሆኖ መጣ። የታሰረው ሰው ሌባ ሲያሳድድ ሕዝቡ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ያያል። ማንም አልሳቀም፤ አስቂኝ ድራማ አይደለማ።

2008 ላይ፣ አዲዳስን መልሶ ሲሸጥ ከአበዳሪው ባንክ ጋር የተጣላበት ጉዳይ በግልግል ዳኞች ታየና 400 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተፈረደለት። ከዚያ ውስጥ 45 ሚሊዮኑ ለደረሰበት የሞራል ጉዳት ነው። የኔ ሞራል ስንት ያወጣ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ። በ2015 ፍርድ ቤት ውሳኔውን አፈረሰና ገንዘቡን መልስ አለው። የግልግሉን ነገር የፈቀዱት የጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ክሪስቲን ላጋርድም በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባሉ፤ ቅጣት ግን አልተጣለባቸውም። ታፒ በዚሁ ግልግል ሰበብ ከቀረበበት የማጭበርበር ክስ በ2019 ነጻ ተባለ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ።

የይግባኙ ፍርድ የተቀጠረው ለኦክቶበር 6 ቀን 2021፣ ለረቡዕ ነበር። ታፒ እሁድ በካንሰር ሞተ፤ 78 ዓመቱ ነበር። ሰው ሲሞት የወንጀል ክሱም አብሮት ይቀበራል። ረቡዕ ፓሪስ ላይ የጸሎተ ፍትሐት ሥርዓት ተደረገለት። ሐሙስ ሬሳ ሳጥኑ ማርሴይ ስታዲየም ገባ፤ ደጋፊዎቹ በሺዎች ወጥተው ተቀበሉት። ያን ዕለት የፎጨ ሰው አልነበረም።