ኮፈን ሳይከፍቱ ለሚያውቁ ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን የአንድ ወዳጄ መኪና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሊደፍን ጥቂት የቀረው አሮጌ አውቶማቲክ ነው። በሰዓት ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ትንሽ ዳገት ሲያገኘውና ነዳጅ ሲጨመርለት እንዘፍዘፍ ያደርገዋል። ወዳጄ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ በዙሪያው የነበረው ሁሉ በአንድ አፍ «ካምቢዮ ነው!» አለው። ሞተር አልተነሳ፣ ኮፈን አልተከፈተ፤ ከፈራጆቹ አንዳንዶቹ መኪናው የትኛው እንደሆነ እንኳ አላዩም። እናንተም ይህን ሸንጎ ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት ተፈርዶባችሁም ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ ልወቅስ አልመጣሁም። ላመሰግን ነው።

ለምን አላመሰግን? የሰው ልጅ እነዚህን ሊቃውንት ሳያማክር ስንት ዘመን በከንቱ ደከመ! በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ከቀረበ ወዲህ መሐንዲስ ሁሉ የግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያ፣ የፍጥነት መለኪያ ሲሠራ ኖረ። ይባስ ብሎ አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት የስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የጥፋት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) መሰኪያ እንዲኖረው ግድ አለች፤ አውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። ይህ ሁሉ ሽቦ ለምን? «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃ የለም? ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ካምቢዮ ነው። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ካምቢዮ ነው።

አላዋቂ መካኒክ ግን በዚህ አያምንም። የወዳጄን መኪና የተረከበው እንዲህ ያለው ነበር። መጀመሪያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባትሪ ለካ! ካምቢዮ ታመመ ሲባል ባትሪ የሚለካ ሰው ምን ይባላል? ቮልቴጅ ሲወርድ ወይም የመሬት ሽቦው ሲዝግ የካምቢዮው ኮምፒውተር ይወናበዳል ብሎ ይሟገታል። ቀጥሎ ሞተሩን አሙቆ፣ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ የአምራቹ መጽሐፍ እንደሚያዘው የካምቢዮውን ዘይት አየ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ ቀለሙን መረመረ፤ አሸተተውም። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኖቹ እየተበሉ ነው ይላል፤ ሮዝ ወተት ከመሰለ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃ ገብቶበታል። ይሄኛው ቀይ ነበር፤ የተቃጠለም አልሸተተም። በዚህ መች አበቃ! መንገድ ላይ ይዞት ወጥቶ፣ መንቀጥቀጡ ሲጀምር ነዳጁን ሳይለቅ ፍሬኑን በግራ እግሩ በስሱ ነካ አደረገ። ያን ጊዜ የቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው ዕቃ) ፍሪሲዮን ይለቃል፤ መንቀጥቀጡ አብሮ ቢጠፋ ኮንቨርተሩን ለመጠርጠር ምክንያት ይሆናል። አልጠፋም። ስካነሩን ሲያይ ሦስተኛው ሲሊንደር በየመሀሉ ሳያቃጥል ያልፋል። የሦስተኛውን ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ከሁለተኛው ጋር አቀያየረ፤ ጥፋቱም ቦቢናውን ተከትሎ ወደ ሁለተኛው ሄደ። እንዲህ ያለ አሰልቺ ሰው! ግማሽ ቀን ፈጅቶ በአንድ እጅ የምትያዝ ዕቃ ቀየረ። ሊቃውንቱ ቢሆኑ እስከዚያ ካምቢዮው ወርዶ፣ ከተጋጨ መኪና የተነቀለና ታሪኩ የማይታወቅ ሌላ ካምቢዮ ተሰቅሎ፣ መኪናው በአዲስ ማዕረግ መንቀጥቀጡን ይቀጥል ነበር።

ከሊቃውንቱ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን በስልክ የሚመረምረው ነው። «ድምፁን ቀድተህ ላክልኝ» ይላል። ባለመኪናው ስልኩን ሞተሩ ላይ ደቅኖ ይቀዳል። በቅጂው ውስጥ ነፋስ አለ፣ የሚያልፍ ከባድ መኪና አለ፣ ከሩቅ የሚጮህ ውሻ አለ፣ ከባለመኪናው ጣት ላይ የተንጠለጠለ የቁልፍ ዘለላ አለ፤ ልብ ብሎ ላዳመጠ ሞተሩም አለ። ሊቁ ይሰማል። ደግሞ ይሰማል። «ይቺ ቅጭል ቅጭል የምትለው ተሰማችህ? የካምቢዮ ኩሽኔታ ናት። አልቃለች።» ቁልፉ ነው። ባለመኪናው ደንግጦ ቅጂውን ለሁለተኛ ሊቅ ያስተላልፋል። ሁለተኛው የፊተኛውን ይንቃል፤ «ምን ኩሽኔታ አመጣው! ያ ሽው የሚለው የዘይት ፖምፓው ነው፤ አየር እየሳበ ነው።» ነፋሱ ነው። ሦስተኛው ሌሊት ካልሆነ አልሰማም ይላል፤ ሌሊት ጆሮ ይጠራል። ሌሊት ሰምቶ በየመሀሉ ቆረጥ ቆረጥ እያለ የሚመጣ ድምፅ አገኘ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ። ሁለተኛ ማርሽ ሲያንሸራትት የሚያሰማው ድምፅ እንደሆነ፣ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምቶት እንደማያውቅ መሰከረ። ውሻው ነው። ውሻውን ሁለተኛ ማርሽ ያለ ሰው ምክርም አይነፍግም፦ ቶሎ ወደ ሦስተኛ እንዲያልፍ ነዳጁን ለቀቅ እያደረጉ መንዳት። ባለመኪናው ምክሩን ፈጽሞ እንደገና ቀዳ፤ በዚህኛው ቅጂ ውሻው አልጮኸም። «አየህ!» አለ ሊቁ። እኔን ቢጠይቁኝ ውሻውን ብቻውን ጋራዥ መውሰድ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የእሱ ድምፅ በደንብ ተቀድቷል። አራተኛም ሊቅ አለ። ቅጂውን ገና አልከፈተውም፤ መልሱን ግን ልኳል። ካምቢዮ ነው።

ስካነር የገዙትንስ እንዴት እንርሳ! እነዚህ ዘመናዊዎቹ ናቸው፤ ሰክተው ኮዱን ያነባሉ፣ ከኮዱ በኋላ ማሰብ ክልክል ነው። ፒ 0700 ሲወጣ «ይኸው ካምቢዮ!» ብለው ይፎክራሉ። ኮዱ የሚለው የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚናገረው ስላለው ሄዳችሁ እሱን ጠይቁት ነው፤ የሚጠይቀው የለም። ፒ 0171 ሲወጣ፣ ማለትም አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ሲባል፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ተነቅሎ ይጣላል። ሴንሰሩ ያየውን ነው የተናገረው፤ ከአየር መለኪያው ወዲህ የተሰነጠቀ ቱቦ ያልተለካ አየር እየሳበ ነው። ልጁ ሲያተኩሰው ቴርሞሜትሩን መስበር ማለት ይህ ነው። አዲሱም ሴንሰር ውሎ አድሮ ያንኑ ይናገራል፤ እሱም ይነቀላል። ቀጥሎ የአየር መለኪያው፣ ቀጥሎ የነዳጅ ፖምፓው፣ ቀጥሎ ካንዴላው ሁሉ። ቱቦው ብቻ ከነስንጥቁ በሰላም ይኖራል፤ ርካሽ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ማርሽ ሲገባ «ጓ!» የሚለውስ? ሞተሩን የተሸከመው ጎሚኒ ሞቶ ይሆናል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከመጠን በላይ ከፍ ብሎም ይሆናል። ጎሚኒ ግን ምን ክብር አለው? ጎሚኒ ቀየርኩ ብሎ በሰው ፊት የሚያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ካምቢዮ አስወረድኩ» ሲባል ነው ጉባኤው የሚያዳምጥ።

እዚህ ላይ ግን ሳቄን ላቁም። መብራቱን አጥፍተው የሚሸጡት አያስቁኝም። ኮዱን በስካነር ይደመስሱታል፤ ጥፋቱ በታየበት ቅጽበት ፍጥነቱና ሙቀቱ ስንት እንደነበር የተመዘገበው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። የዳሽቦርዱ መብራት ለጥቂት ጊዜ ይተኛል። በዚያች ጥቂት ጊዜ መኪናው ይሸጣል። ገዢው ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ከባድ መኪና ሊቀድም ሲወጣ ካምቢዮው ራሱን ለማዳን አንድ ማርሽ ላይ ይቀራል፤ ቢረግጡት አይሄድም፣ ከፊት የሚመጣው ደግሞ እየመጣ ነው። ይህን ብልጠት የሚሉት አሉ። ብልጠት አይደለም፤ በሰው ልጆች ነፍስ መነገድ ነው። ሻጩ ያውቀዋል፣ አጠገቡ ቆሞ ዝም የሚለው ደላላም ያውቀዋል። አሮጌ መኪና የምትገዙ፣ «ኮድ የለም» ስለተባለ ብቻ አትርጉ። ስካነሩ የመኪናውን የራስ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካለ ማኅደሩ በቅርቡ ተጠርጎ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ንዱት፣ አሙቁት፣ እንደገና እዩት። ሻጩ ከተቆጣ ጥሏችሁ ይሂድ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በዘይት ጉዳይ ሊቃውንቱ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው የካምቢዮ ዘይት ፈጽሞ አይነካም፣ የነካው ካምቢዮ ገዳይ ነው ይላል። ሌላኛው ቀይ የሆነ ሁሉ ይገባል ባይ ነው፤ መጽሐፉ የሚያዘው የዘይት ዓይነት ዴክስሮን ይሁን ሜርኮን፣ ካምቢዮው ባለማርሽ ይሁን ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራው)፣ ቀለሙ ካማረ አለቀ። ሁለቱ ወገኖች ግን ተጣልተው አያውቁም፤ መድረሻቸው አንድ ነው።

የባለመኪናው ውለታ ደግሞ ለብቻው ነው፤ እሱ ባይኖር ሊቃውንቱ ሥራ ፈተው ይውሉ ነበር። «ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ?» ብሎ መካኒኩ ይጠይቀዋል።

«ሁልጊዜ ነው፣ አንዳንዴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት» ይላል፤ በዚያ ትናንት ውስጥ ሁለት ክረምት አለ።

«ሌላ ሰው ነክቶት ነበር?»

«ማንም!» ይላል። ኮፈኑ ሲከፈት ግማሹ ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

መካኒኩ ትንሽ ዝም ይልና፣ «ጋሼ፣ ግማሽ ቀን ይስጡኝ። ስካነሩን ሰክቼ እነዳዋለሁ፣ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ፣ የዘይቱን ግፊት እለካለሁ። የሰዓቴን ግን ይከፍሉኛል» ይለዋል።

«ምን ልትሠራበት?»

«አሁን ምንም አልሠራም፤ ላየው ነው።»

«ለማየት ብቻ?» ባለመኪናው ወደ ተሰበሰቡት ዞሮ ምስክር ያደርጋቸዋል። «ስማ ልጄ፣ እኔ ለማየት አልከፍልም። ካምቢዮውን አውርደው፣ የሱን እከፍልሃለሁ።»