ጎሼ በሽታ መድኃኒት አለው
ስለ ጎሼ በሽታ፣ ማለትም ስብ የሚፈጭ ኢንዛይም (ፕሮቲን) በዘር ጎድሎ ስብ በሴሎች ውስጥ ስለሚጠራቀምበት ሕመም፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ «መድኃኒት የለውም» ብሎ ማለፉ በጣም ቅር አሰኝቶኛል። አለው እኮ! ተመራማሪው ሮስኮ ብሬዲና ባልደረቦቹ የጎደለውን ኢንዛይም አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ ከለዩ በኋላ ከእንግዴ ልጅ እያጣሩ አወጡት፤ ከኢንዛይሙ ላይ ያሉትን ስኳሮች ከርክመው ስብ የሚያጠራቅሙት ሴሎች ራሳቸው እንዲቀበሉት አደረጉና እ.ኤ.አ. በ1991 ተፈቀደ። ለአንድ ታማሚ የዓመት መድኃኒት በሺዎች የሚቆጠር እንግዴ ልጅ ያስፈልግ ነበር፣ አስቡት! አሁን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚያድጉ ሴሎች ይመረታል። በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ሲሰጥ ያበጠው ጣፊያና ጉበት ይቀንሳል፣ የደም ማነሱም ይሻሻላል። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ግን አይዘልቅም። ነርቭ የሚያጠቃው ዓይነት የያዛቸው ሕፃናት ነገር ነው አንጀቴን የሚበላው፤ ምርምሩ እዚያ ላይ ይበርታ። ዋጋውም አይቀመስም፣ እባካችሁ ስለሱም ጻፉ።