እርማት፦ እንግሊዝ አገር ፖሊስም ስልክ ይዞ መንዳት አይችልም

ወንድሜ፣ «እንግሊዝ አገር ፖሊስ ሲነዳ የመቀመጫ ቀበቶውም የስልኩም ሕግ አይመለከተውም» ብለሃል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ግን ወሬ።

ቀበቶው ላይ ብዙም አልተሳሳትክም። ለፖሊስ ሥራ እየዋለ ባለ መኪና ውስጥ ያለን ሰው ሕጉ ከግዴታው ነፃ ያደርገዋል። ነፃ የሚያወጣው ግን ሥራው እንጂ ዩኒፎርሙ አይደለም። ያው ፖሊስ በራሱ መኪና ወደ ቤቱ ሲሄድ እንደ እኔና እንዳንተ ያስራል።

ስልኩ ሌላ ጉዳይ ነው። በእጅ ይዞ መንዳትን የሚከለክለው ሕግ ለፖሊስ የተለየ በር አልከፈተም። እየነዱ ስልክ አንስቶ መደወል የሚፈቀደው እውነተኛ አደጋ ሲያጋጥምና መኪናውን ማቆም አደገኛ ወይም የማይቻል ሲሆን፣ ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪ ቁጥሮቹ 999 ወይም 112 ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ለሁላችንም እኩል ነው። ቅጣቱ 200 ፓውንድና በመንጃ ፈቃድህ ላይ የሚመዘገብ 6 የጥፋት ነጥብ። መንጃ ፈቃድ ካወጣህ ሁለት ዓመት ካልሞላህ በዚያው 6 ነጥብ ፈቃድህ ይሰረዛል፤ ቀልድ የለም!

ምናልባት ያየኸው ፖሊስ የያዘው የመገናኛ ሬዲዮ ይሆናል። እሱ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም።

ለነገሩ በ2023 በፈረንጆቹ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ እንኳ ከኋላ ወንበር ቀበቶ ሳያስሩ ቪዲዮ ሲቀረጹ ታይተው ፖሊስ ቀጥቷቸዋል።