ዘኬዎስ አስቀድሞ አልከፈለም

የስቅለት ስግደት ሲያበቃ ምእመኑ ለጥብጠባ ይሰለፋል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉና ስግደት ያዝዙታል። በዚያ ሰሞን ሰው ስለ ኃጢአቱ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለ ጾም ነው። አንዱ ሰዓት ሳይደርስ ቀምሷል፣ ሌላዋ ረስታ ወተት ጠጥታለች። ጾም መግደፍ ቀላል ነው አልልም። ግን የቤት ሠራተኛውን የሦስት ወር ደሞዝ ይዞ የሚያስቀድሰውስ? እሱን ከኃጢአት የሚቆጥረው ስንቱ ነው?

ለእኔ ኃጢአት የተጎዳ ሰው አለበት። ነቢዩ ናታን የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለውን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ ሲሄድ ሕግ አልጠቀሰለትም። ሀብታም ስለ ቀማው ድሃና ስለ አንዲት ጠቦቱ ነው ያወራለት። ዳዊት በሰውየው ተቆጣ። "ያ ሰው አንተ ነህ" ሲባል ነው የገባው።

ታዲያ ይህን ያወቀ ሰው ምን ያድርግ? አንዳንዱ "እግዚአብሔር መሐሪ ነው" ይልና ዕዳውን እዚያው ይተወዋል። ሌላው ደግሞ "ቆይ መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ" ይላል። እንደዚህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ሁለተኛው ትሕትና ይመስላል፤ እኔ ግን በራስ ጉልበት መመካት ነው ባይ ነኝ።

የኢያሪኮውን የቀራጮች (የግብር ሰብሳቢዎች) አለቃ ዘኬዎስን እንይ። ሾላ ላይ እንዳለ ጌታ "ፈጥነህ ውረድ፣ ዛሬ በቤትህ ልውል ይገባኛል" አለው። አስቀድመህ ክፈል አላለውም። ሕዝቡም ያንጎራጎረው ለዚህ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እዚያ ብኖር ሳላጉረመርም የምቀር አይመስለኝም። ዘኬዎስ "የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች፣ የበደልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ" ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ላይ በደሉን የተናዘዘ ሰው ዋናውን ከአንድ አምስተኛ ጭማሪ ጋር ይመልሳል ይላል። ዘኬዎስ ግን ማንም ሳይጠይቀው አራት እጥፍ አለ። እስከዚያ ቀን መተማመኛው ገንዘቡ ነበር፤ ሌላ መተማመኛ ሲያገኝ ገንዘቡን መልቀቅ አልከበደውም።

ስለዚህ የንስሐ አባቶች ከስግደቱ ቁጥር በፊት "የሰውየውን መለስክለት?" ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። "ከመለስኩ በምን እኖራለሁ?" የሚል ፍርሃት ይመጣል፤ በእግዚአብሔር መታመን የሚያስፈልገውም ለዚህ ፍርሃት ነው። ሠራተኛዋ ሥራ ለቃ አገሯ ገብታ ከሆነም ስልኳን አፈላልጎ ማግኘት ነው። በቴሌብር መላክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።