ስልካችሁን ከእማማ ፊት ላይ አንሱ

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ሥራችሁ መልካም ነው። ለረመዳንም ለፋሲካም ዱቄትና ዘይት ሰብስባችሁ ለተቸገረ ታካፍላላችሁ፣ አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ግን ያ ፎቶ ምንድን ነው?

አንዲት እናት ታቆማላችሁ። አምስት ሊትር ዘይት ታስታቅፏታላችሁ። ጎረምሳ ግራና ቀኝ ይደረደርና «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ!» ይባላል። ሰጪው ፎቶው እስኪነሳ ጄሪካኑን አይለቅላትም። እሷ አፍራ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ ስታደርግ «ኧረ ፊትዎ አልታየም» ብሎ እንደገና የሚያስነሳትም አለ። ማታ ፌስቡክ ላይ ትወጣለች። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው ልጇ፣ እናቴ ደህና ናት ብላ የተኛችው ልጅ፣ ያንን ስልኳ ላይ ታየዋለች።

የፎቶን ጉልበት ለወሎዬ ማን ይነግረዋል? መንግሥት የደበቀውን ረሃባችንን በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን አሳየው፣ ዓለም ደነገጠ። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስና ሥጋ ከሚጎርሱ ውሾች ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ ለቀቀው፣ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የሚሞተው ሰው ያው ነው እኮ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ምስል ነው ነገሩን የለወጠው። ደግሞ በ1977 ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ፣ ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው፣ የቀረጸው ሌላው ረሃባችን ጥቅምት 13 በቢቢሲ ታየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተዘፈነ፣ እህል መጣ፣ ብዙ ነፍስ ተረፈ። ይሄን አልክድም።

እህሉ ግን ተበልቶ አለቀ፣ ምስሉ ቀረ። የሐይቅን ውሃ፣ የባቲን የሰኞ ገበያ አይቶ የማያውቅ የሩቅ ሰው ያንን ዝንብ የወረረው ሕፃን ያውቀዋል። ስሙን ግን አያውቅም፣ ማን ጠይቆት? እኛም የውጭ ካሜራ አዋረደን እያልን ስንት ዓመት አማረርን። ያኔ እንኳ ሰው እየረገፈ ነበርና መታየት ነበረበት። የእናንተስ ምን አስቸኳይ ነገር አለው? ወንጌሉም ሐዲሱም እኮ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ ነው ያስተማሩን። በወሎ ምድር ይሄን ከሁለቱም ወገን ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም።

«ለጋሾች ማስረጃ ይጠይቃሉ» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ደረሰኙን አንሱ። የተቆለለውን ዱቄት አንሱ። ሰው የግድ ካስፈለገ አስፈቅዳችሁ ከጀርባ አንሱ፤ ዘይቱን ከሰጣችሁ በኋላ ግን ጠይቁ፣ ሳይሰጣት የተጠየቀች እናት እንዴት ብላ እምቢ ትላለች? የራሳችሁን ፊት እንደሆነ እንደፈለጋችሁ ተነሱ፣ እሱን የሚከለክላችሁ የለም። እስካሁን የለጠፋችሁትን ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉ፣ ሼር ያደረጋችሁትም ጭምር።